ከአግዳሚው የጠፉት ሠላሳ አንድ ሰዎች

ሰኞ፣ የካቲት 4

ሆስፒታል ዋልኩ። አልታመምኩም። የታመመው ሹፌሩ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቀጠሮ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ የተዋወቅነው።

እግሩን ስኳሩ ካቆሰለው አምስት ወር ሆነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቁስሉ ይታጠብለታል። ማጠቡና ማሸጉ ሩብ ሰዓት... መጠበቁ ግማሽ ቀን። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ያሽከረከረ ሰው አግዳሚ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ያብዳል፤ ሲያብድ ደግሞ ሰው ይሳደባል። ስለዚህ እሄድለታለሁ። የራሴ የግፊት ቀጠሮ በወር አንዴ ነው፤ በሌላው ቀን የምሄደው ለሕዝብ ሰላም ስል ነው ማለት ይቻላል።

ካለፈው ዓርብ ወዲህ በሩ ላይ ቢጫ ወረቀት የሚባል ነገር መጥቷል። ቁጥርና የገባህበት ሰዓት ይጻፍበታል። እሱን ያልያዘ አያልፍም። ዘበኛው፣ «አባባ፣ ለምን ነው የመጡት?» ሲለኝ፣ ሰው ላጫውት ብለው ያስገባኛል? «ለክትትል» አልኩት። ሰጠኝ። ዛሬም ሰጠኝ። ቢጫ የያዘ ሁሉ መጀመሪያ ግፊት ክፍል ይላካል፤ ሄድኩ።

«አባባ፣ ዓርብ ለክቼዎት የለም እንዴ?» አለችኝ ሲስተር።

«አንቺን ሳይ ነው ከፍ የሚለው። እሱን እንድታጣሪልኝ ነው።»

መለኪያውን ክንዴ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። አውቃ ነው።

ከዚያ አግዳሚ። የሐኪሙና የቁስል ማጠቢያው በር ጎን ለጎን ስለሆኑ አግዳሚው የሁሉም ነው። ለሹፌሩ፣ ፀጉር ማስተካከያ ሱቄ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ተራ ይዞ ይቀመጥ ስለነበረው ራሰ በራ ነገርኩት። አንድ ፀጉር የለውም እኮ! ተራው ሲደርስ ለሌላ ይለቅና እንደገና መጨረሻ ይሰለፋል።

«ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»

«አንተ ምን ልትሠራ ነው የምታወራኝ?»

አርባ ዓመት ፀጉር አስተካክዬ ከሹፌሩ በላይ የሚያጉረመርም ደንበኛ አላየሁም።

የልጅ ልጄም እዚያው ናት። ኢንጂነር ናት፤ ድልድይ አትሠራም፣ ፎቅ አትሠራም... ሰልፍ ታሳጥራለች። ሆስፒታሉ ለቤቴ ስለሚቀርብ ለሦስት ወር እኔ ጋ አርፋለች። ቢጫው ወረቀትም የእሷ ነው። ሰዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከበር በር ትሮጣለች። «አባባ፣ ዛሬም ሹፌሩን ልትጠይቅ?» ብላኝ አለፈች። እሷ በሠራተኛ በር፣ ባጅ አድርጋ ነው የምትገባው። እንዴት እንደገባሁ አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

አንዲት ሴት እናቷን ይዛ መጥታ ዘበኛው እናትየውን አስገብቶ እሷን መለሳት። አሮጊቷ ብቻዋን ግድግዳ ይዛ ስትሄድ አየሁ። ወጣሁና ለልጅየው፣ «ለክትትል በዪው» አልኳት። ገባች።

ወሬው ተዛመተ። ባሏን ያጀበች፣ ጎረቤቱን ያመጣ... እስከ ምሳ ስድስት ተማሪ አስመርቄያለሁ።

ስትወጡ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ክተቱ ይላል። ሳጥኑ ያለው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ነው። መድኃኒት አልወስድ፣ እዚያ ምን አደርጋለሁ? ኪሴ ውስጥ ቀረ። ለመጽሐፍ ዕልባት ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 10

ከምሳ በኋላ የልጅ ልጄ ኮምፒውተሯን ከፍታ አሳየችኝ። ሲሙሌሽን ይባላል። ሆስፒታሉን እንዳለ ስክሪን ውስጥ ከታዋለች። በሩ፣ ግፊት ክፍሉ፣ አግዳሚው፣ የሐኪሙ ክፍል... ሰዎቹ ነጠብጣቦች ናቸው። ሰማያዊ ሆነው ይገባሉ፤ ብዙ ሲጠብቁ ይቀላሉ። አንድ ሙሉ ቀን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ሐኪም ቢጨመር፣ አንድ በር ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ማንንም ሳታጉላላ እዚያው ትሞክራለች።

«እኔ የቱ ነኝ?»

«አባባ፣ ማንም ማንንም አይደለም። ቁጥር ናቸው።»

«ይሄኛው ነኝ። አካሄዱ ያምራል።»

ሳቀች። ስትስቅ ቁርጥ አያቷን ነው... እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሞላ፤ ሳቋ እዚህች ልጅ ላይ ቀርቷል።

ዘዴው ከመኪና ፋብሪካ የመጣ ነው አለች። ሊን ይሉታል። ለታማሚው የማይጠቅመው ነገር ሁሉ ብክነት ነው፤ አንድ በአንድ እየለዩ ማስወገድ። «ከሁሉም ትልቁ ብክነት ደግሞ መጠበቅ ነው» አለች።

«እኔና ሹፌሩስ?»

«እናንተ ምን?»

«ምንም።»

ለምን ቅር አለኝ? ልጅቷ ትክክል ናት እኮ።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ሹፌሩ፣ የእግሬ ጣት ይሰማኝ ጀምሯል አለ። ዓይንህን ጨፍን ብዬ ነካሁት። «የቱ ነው?» «ትልቁ!» አለ፣ ደስ ብሎት።

ትንሹን ነበር የነካሁት።

«ትክክል» አልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

የልጅ ልጄ አመሻሽ ላይ መጣች። እራት አልበላም አለች። ምን ሆንሽ አልኳት። ወረቀት አወጣችና ፊቴ ዘረጋች። የቁጥር ዝርዝር ነው።

«ሠላሳ አንድ ሰዎች ጠፍተውብኛል።»

«የት?»

«አግዳሚው ላይ። የበሩ መዝገብ ላይ አሉ፣ ግፊት ተለክተዋል፣ ሐኪሙ ጋ ግን አልደረሱም። ወረቀታቸውም ሳጥኑ ውስጥ የለም። መጠበቅ አቅቷቸው ሳይታከሙ ሄደዋል ማለት ነው። አባባ... ግፊቱ መቶ ዘጠና የሆነ ሰው ቤቱ ገብቶ ቢወድቅስ?»

ዓይኗ ሞላ። እኔ ዝርዝሩን አያለሁ። አርባ ሰባት... መቶ ሁለት... አርባ ሰባት የት ነው የማውቀው?

ክፍሌ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ዘጠኝ ቢጫ ወረቀት። አንዱ መጽሐፉ ውስጥ። አርባ ሰባት እኔ ነኝ። መቶ ሁለትም እኔ ነኝ።

ወጥቼ ልነግራት አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተኝታ ነበር። ጋቢዬን አለበስኳት። ፈሪ ሽማግሌ።

ዓርብ፣ የካቲት 22

አልገባሁም። ሹፌሩን ከበር ውጭ ጠበቅኩት። ሲወጣ ነገርኩት። አጥሩን ይዞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ዘጠኝ ጊዜ ጠፋህ? አንተን ማጣትማ መታደል ነው!»

ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ቆይ፣ ለዚህ ነው እንዴ?» አለ።

«ምኑ?»

የቁስል ማጠቢያዋ ነርስ ነግራዋለች። ሰው ሐኪሙ በር ላይ እየጠፋ ስለሆነ፣ ሐኪሙን እንድታግዝ ወደዚያ ልትዛወር ነው። ቁስል የሚታጠበው ማክሰኞ ብቻ ይሆናል። የሚቀጥለው ዓርብ ስብሰባ ላይ ይጸድቃል።

በሳምንት አንዴ። ያ እግር በሳምንት አንዴ ታጥቦ ይድናል? ሁለታችንም እናውቃለን። ባለፈው ዓመት አጠገባችን ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ በምን እንደሄደ እናውቃለን፤ እግሩ ተቆርጦ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሄደው።

አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። አንዴ ሻይ ይዤላት ገብቼ፣ «ስኳር ልጨምር?» ብዬ ወጣሁ። አንዴ ስለ አየሩ አወራሁ። አንዴ ሳልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 24

ልብስ አጥባ ልታሰጣ ነበር። አፌ እምቢ ስላለኝ ቀደምኳት። ገመዱ ላይ ዘጠኙን ቢጫ ወረቀት በመቆንጠጫ በተርታ ሰቀልኳቸው። ከዚያ በሩ ጀርባ ቆምኩ።

ባልዲዋን አስቀመጠች። አንዱን ጠጋ ብላ አነበበች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን...

«አባባ!»

ወጣሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጠፉት ናቸው። ተገኙ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወረደች፣ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች። እርጥቡን ልብስ እኔ አሰጣሁት። ካልሲዋን ከእጅጌዋ ጋር ነው የሰቀልኩት መሰለኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ለእነዚህ ሰዎች አልቅሼላቸው ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ የኔ እናት።»

«ወድቀው ይሆናል፣ ሞተው ይሆናል እያልኩ... አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ!»

«አውቃለሁ።»

«ግን ለምን?»

ስለ ዘበኛው ነገርኳት። ስለ ሹፌሩ ነገርኳት። ስለ ነርሷ መዛወር፣ ስለ ትንሿ ጣት... ሁሉን። እየተናገርኩ ሌላም ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ላወጣው አላሰብኩም ነበር። «ቤቱም እኮ ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል» አልኳት። «አያትሽ ሬዲዮ ትከፍት ነበር። እኔ ስከፍተው እንደዚያ አይሆንም።»

መጣችና ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። 

ከዚያ ኢንጂነርነቷ ተመለሰ። «እዚያ አግዳሚ ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተቀምጠህ ምን አየህ?»

«ሐኪሙን። መስኮቱ ላይ ቆሞ ርግብ ሲቆጥር።»

«ሥራ ላይ ሆኖ?»

«ምን ሥራ አለው? የታማሚ ካርድ እስኪመጣለት ነዋ። ካርዶቹ በጋሪ ተጭነው ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ከዚያ አምስት ሰዓት ላይ። መሀሉን ርግብ ነው።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ነጠብጣብ አይጠየቅም ብዬ ነው።»

ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። ያመኛል። ደስ ብሎኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 25

በሠራተኛ በር ይዛኝ ገባች፤ የእንግዳ ባጅ አድርጌ። ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ከአግዳሚው ለቀምኩላት። አንዷ ከቦርሳዋ አራት ቢጫ ወረቀት አወጣች፤ የልጇን ትምህርት ቤት ስልክ ጽፋበታለች። አንዱ የወንበሩን እግር አስደግፎበታል፤ ይንገዳገድ ነበር አለ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ ተገኙ።

«አምስት ብቻ ቀሩ!» አልኳት፣ ደስ ብሎኝ።

«አባባ፣ አምስት ሰው ነው» አለች።

አፌን ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ስልካቸውን ከካርዳቸው እያወጣች ስትደውልላቸው ዋለች። አራቱ ደኅና ናቸው። አንዷ ሥራዋን እንዳታጣ ብላ ነው የሄደችው፤ ራሷን እያዞራት ማሽን ላይ ቆማ ነው የምትውለው። ለነገ ጠዋት ቀጠረቻት።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

ሃያ ስድስታችንን ከኮምፒውተሩ አወጣችን። እንደገና አስኬደችው። ነጠብጣቦቹ ያው አግዳሚው ላይ ይቀላሉ፤ የሐኪሙ ክፍል ግን ባዶ ነው። የሚጠብቁት ሐኪም አልነበረም። የሚጠብቁት ካርዳቸውን ነው። በሐኪሙ በር ላይ ስለሚቀመጡ ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ ሐኪሙን የሚጠብቁ መስሎት ነበር።

ቀኑን ሙሉ ካርድ ክፍል ዋለች። ካርዶቹ ያሉት ምድር ቤት ነው፤ አርባ ሁለት ደረጃ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ጉልበቷ ያብጣል። ለአንድ አንድ ሰው መውረድ ስለማትችል አርባ ስም እስኪሞላ ትጠብቅና አንዴ ትወርዳለች። ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ስምንት ዓመቴ ነው ልጄ፣ ሰነፍ ናት ሲሉኝ» ብላ ካበጠው ጉልበቷ ላይ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት።

መፍትሔ አገኘች፦ የሚቀጥለው ቀን ባለ ቀጠሮዎች ካርድ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ይውጣ፤ ሰዉም ሁሉም ጎህ ሲቀድ ከሚመጣ በየሰዓቱ ይቀጠር። ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ፣ ጥበቃው ከአንድ ሰዓት በታች ይወርዳል አለ። አንድም ነርስ አይነካም።

«ዓርብ ስብሰባ ላይ የጠፉትን ነገር እንዴት አድርገሽ ታልፊዋለሽ?»

«አላልፈውም» አለች።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። የልጅ ልጄ ፊት ለፊት ወጥታ ቆመች።

«ባለፈው ያቀረብኩት ስሕተት ነበር» አለች። «ጠፉ ካልኳቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች ሃያ ስድስቱ ታማሚ አልነበሩም። አጃቢ ያለ ወረቀት እንደማይገባ ሳላጣራ ነው መቁጠር የጀመርኩት። ዘጠኙ... አያቴ ናቸው።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «አንድ ሰው ነው ዘጠኝ?»

ተነሣሁ። «ዘጠኙም እኔ ነኝ እመቤቴ። ዐሥረኛው ላይ ደርሰውብኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳይሬክተሯ አልሳቀችም። «አንዴ የተሳሳተን ቁጥር ሁለተኛ እንዴት ልመን?» አለች። ልጄን ነው የምታየው።  እኔ ቀልጄ እሷን አዋረድኳት?

«አይመኑት» አለች የኔዋ። ድምጿ ቀጠነ እንጂ አልተሰበረም። «ሦስት ሳምንት ይሞከር። ነርሷ ቦታዋ ላይ ትቆይ። ካልሠራ እንደ ዛሬው እዚሁ ቆሜ አልሠራም እላለሁ።»

ያኔ ሐኪሙ እጁን አወጣ። «ርግቦቹ ሃያ ሦስት ናቸው» አለ። «ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።»

ሦስት ሳምንት ተፈቀደ።

ስንወጣ ክንዴን ይዛ ሄደች። አልቀለድኩም። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ አላውቅም... ተሳስቻለሁ ብሎ ሰው ፊት መቆም። ከማን ተማረችው?

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ለአምስት ሰዓት የተቀጠረው ሁሉ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ነው የመጣው። ልማድ ነዋ! ዘበኛው ፀጉሩን ሊነጭ ደርሷል። እሷ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን «ቤትዎ ቁርስዎን በልተው ይምጡ» ስትል ድምጿ ተዘጋ። ማር አበጀሁላት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

የራሴ ቀጠሮ። ሦስት ሰዓት ገባሁ። ግፊት ተለካሁ፤ ለሲስተር አንድ ቀልድ ጀምሬላት ሳልጨርስ «ቀጣይ!» አለች። ሐኪሙ ካርዴን ይዞ ይጠብቀኛል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሠላሳ ስምንት!

በሩ ላይ ያቺን ራሷን የሚያዞራትን ሴት አየኋት። «ጨረስኩ እኮ አባባ! ሥራዬ ላይ እደርሳለሁ!» ብላ በሩጫ አለፈችኝ። መድኃኒቷን በደረቷ ይዛ። ዞሬ አየኋት እስክትታጠፍ። ያ ሁሉ ግማሽ ቀን የእሷ ነበር ለካ፤ እኛ የተጫወትንበት።

ከዚያ... የት ልሂድ? አግዳሚው ላይ ሰው የለም። ሹፌሩ ሰዓቱ ሌላ፣ ቀኑ ሌላ። ቢጫ ወረቀት ቀርቷል፤ አሁን ስም ዝርዝር ነው። ዘበኛውን አላታልለውም። ለልጄ ቃል ገብቻለሁ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ነበርኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ሙከራው ጸደቀ። ጥበቃው ከሦስት ሰዓት ከሩብ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ወረደ። ዳይሬክተሯ ልጄን እጇን ጨበጠቻት። ለካርድ ክፍሏ ሴትዮም መደርደሪያው ከምድር ቤት ወደ ላይ እየወጣላት ነው።

ሹፌሩን በሩ ላይ ያዝኩት። በሃያ ደቂቃ ታጥቦ ወጥቷል። ቆመን ተያየን። 

ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የስኳሩን ቁጥር አውቃለሁ። የጥርሱን ቁጥር አውቃለሁ። «ቤትህ የት ነው?» አልኩት።

«ለምንህ?»

«ሌባ ልልክብህ።»

መሬት መሬት አየ። ሠላሳ ዓመት የዳገት መንገድ ያልፈራ ሰውዬ አፈረ። «ሩቅ ነው» አለ። «ሁለት አውቶቡስ ነው። ግን... ሐሙስ ቤት ነኝ። ሌላውንም ቀን ቤት ነኝ።»

ሰኞ፣ መጋቢት 30

ልጄ ዛሬ ሄደች። ሌላ ሆስፒታል ጠርተዋታል። ሻንጣዋን ስትዘጋ፣ «ኮምፒውተሩ ውስጥ አንተን መልሼ አስገባሁህ» አለችኝ። «አንድ አረንጓዴ ነጠብጣብ። ምንም አያደርግም፤ ሰው አጠገብ ይቀመጣል።»

«ብክነት አይደለም?»

«ምን ብዬ እንደምጠራው ገና አላወቅኩም» አለች። ግንባሬን ሳመችኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

አንደኛው አውቶቡስ ዘገየ። ሁለተኛው ከነጭራሹ አለፈኝ። ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሹፌሩ አጥሩ በር ላይ ቆሟል። በሁለት እግሩ፣ ያለ ከዘራ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ከሩቅ ሲያየኝ ጀመረ።

«የት ነህ አንተ ሰውዬ! ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ተገትሬያለሁ! ሻዩ ሁለቴ ቀዘቀዘ! ሰው ይጠብቀኛል አይባልም? መኪና ገጨው ብዬ መንገዱን ስንቴ ወጥቼ አየሁ መሰለህ?»

 ቆሜ ሰማሁት። ይጮሃል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ እጁን ያወናጭፋል... ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ አርፍዶብኛል ብሎ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«አልጨረስኩም! ግባ!»

ገባሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስም ትንሽ አረፍዳለሁ።